ሰባት ጊዜ የተመረገ ቀፎ

አንድ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቷል።

ዛፉ የዚህን አዳራሽ ጣሪያ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ሰውየው ወገቡን በገመድ ከግንዱ ጋር አስሮ፣ በግራ እጁ ቅርንጫፍ ጨብጦ፣ በቀኝ እጁ የቀፎ ክዳን ይከፍታል። ማር ሊቆርጥ ነው እንዳትሉ፣ ማር የለም። ንቦቹ ከገቡ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። ታዲያ ምን ሊያደርግ ወጣ? ሊያይ። መኖራቸውን ሊያይ ብቻ።

ከሦስት ቀን በፊት አይቷቸዋል። ነበሩ። ከስድስት ቀን በፊትም አይቷቸዋል። ነበሩ። ዛሬስ? ዛሬ ደግሞ ማን ያውቃል?

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው አትሳቁበት። ሳቃችሁን ለኋላ አቆዩት፤ ታሪኩ ሲያልቅ ሁላችንም በራሳችን ላይ እንስቃለን።

ሰውየው ቆጭቶ ይባላል። አገሩ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ ደን ነው፤ ጉሙ እስከ ረፋድ ድረስ አይነሣም። እዚያ አንድ አባወራ ኑሮውን የሚጥለው በሁለት ነገር ላይ ነው። ጓሮው ውስጥ እንሰት አለው፣ ዛፍ ላይ ቀፎ አለው። እንሰቱ ቤተሰቡን ያበላል። ማሩ ደግሞ ልብሱን፣ ጨዉን፣ የልጆቹን ደብተር ይችላል። ሁለቱ ካሉ ሰው በሰላም ያድራል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ቆጭቶ ጓሮ ገባ። የእንሰት በሽታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ መሐል ላይ ያለው አንድ ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ሰው «ፀሐይ መትቶት ነው» ይላል። በሳምንቱ ቅጠሉ ይታጠፋል። ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። መድኃኒት የለውም። ነቅሎ አርቆ መቅበር ብቻ ነው። ቆጭቶና ሚስቱ ብርነሽ የስምንት ዓመት ልፋታቸውን በአራት ቀን ቀበሩት። ብርነሽ ስትቀብር አላለቀሰችም። ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ነው ያለቀሰችው።

እንግዲህ ምን ቀረ? ቀፎ ቀረ።

ጥር ላይ ቆጭቶ ስድስት አዳዲስ ቀፎ ሠራ። ቀርከሃውን ሰነጠቀ፣ ጠቀለለ፣ በእበት መረገ፣ ውስጡን ንብ ሽታውን በሚወደው ቅጠል አጨሰ። ሦስቱን ከቤቱ በላይ ባለው ደን ሰቀለ። ሦስቱን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሰቀለ። ለምን ማዶ? እሱም አያውቅም። በዚህኛው በኩል ጥሩ ዛፍ ስላጣ ሊሆን ይችላል። ሰቅሎ ሲጨርስ ከዛፉ ሥር ቆሞ ጸለየ። አጭር ጸሎት ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ቤቱን እኔ ሠርቻለሁ። ንቡን አንተ ታውቃለህ።»

እንዴት ያለ ጸሎት ነው! እኔ በሕይወቴ ከጸለይኳቸው ረጃጅም ጸሎቶች ሁሉ ይሻላል። በዚያ አገር ንብ በገበያ አይገዛም፣ በጉልበት አይጎተትም። ቀፎ ይሰቀላል፤ ይጠበቃል።

የካቲት ሲገባ ንቦቹ መጡ። ከቤቱ በላይ ባሉት ሦስት ቀፎዎች ሦስት መንጋ ገባ። ማዶ ያሉት ባዷቸውን ቀሩ። ቆጭቶ ማዶዎቹን ረሳቸው። ሦስት መንጋ ለአንድ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ቤተሰቡ በዚያ እሁድ በጉባኤው መሐል ቆሞ ምስክርነት ሰጠ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር።

ግን መጋቢት ላይ መልእክት መጣ።

ብርነሽ ዘነበች የምትባል ታላቅ እህት አለቻት፤ ከተማ ነው የምትኖረው። መልካም ሴት ናት፤ ክፉ አድርጋችሁ እንዳትስሏት። የእህቷ እንሰት መቀበሩን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ለቆጭቶና ለብርነሽ የመጀመሪያ ልጅ፣ ለመሠለች፣ ቤት አፈላለገችላትና እንዲህ ብላ ላከች፦ «ልጅቷን ስጡኝ። ደኅና ሰዎች ናቸው። ሕፃን ትይዛለች፣ ቤት ታጸዳለች። እሷም ጠግባ ታድራለች፣ ለእናንተም ትልካለች።»

መሠለች ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ትምህርቷስ?

«ትምህርቱ ይደርሳል» አለች ዘነበች።

ይደርሳል የተባለ ትምህርት ሲደርስ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ቆጭቶም አላየም። ግን ከመሠለች በታች ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ፤ ቤት ውስጥ የሚበላው ጎደሬና ጎመን ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። ምን ይበል? እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «እስከ ግንቦት ማለቂያ ታገሺኝ። ማሩ ከደረሰ ልጄ አትሄድም። ካልደረሰ ግን መጥተሽ ውሰጃት።»

በዚያ ቀን የመሠለች ዕጣ ከማሩ ጋር ታሰረ። በዚያው ቀን ቆጭቶ ዛፍ መውጣት ጀመረ።

«ዛሬም?» ትለዋለች ብርነሽ ገመዱን ሲያነሣ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልያቸው።»

«ባለፈውም አንድ ጊዜ ነበር ያልከው።»

«አንቺ አይገባሽም። የልጄ ነገር ነው።»

«የኔስ ልጅ አይደለችም?» ትላለች ብርነሽ።

እሱ ግን ይወጣል። ክዳኑን ይከፍታል፣ ጢስ እፍ ይልባቸዋል፣ ሰፈፉን ቀና ጎንበስ አድርጎ ያያል፣ ይዘጋል፣ በእበት መልሶ ይመርጋል። ሲወርድ ልቡ ቀለል ይለዋል። ለስንት ቀን? ለአንድ ቀን። በሁለተኛው ቀን ማሰብ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ገመዱን ያነሣል።

ይህ ሰው ንብ ቤቷ ሲበረበር እንደማትወድ አያውቅም? ያውቃል እንጂ! ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ቢያይ «አንተ ሞኝ፣ ተዋት!» ብሎ ይጮህበት ነበር። እናንተስ? እናንተም ሌላውን ሰው «አትጨነቅ፣ ለጌታ ተወው» ለማለት የሚያህላችሁ የለም። እኔም እንዲሁ ነኝ። የሰው ጭንቀት ላይ ሁላችንም ጎበዝ ነን።

ሚያዝያ እንደገባ አንድ ጠዋት ቆጭቶ የመጀመሪያውን ቀፎ ከፈተ። ዝም ብሏል። መዳፍ የማትሞላ ነጭ ሰፈፍ ተንጠልጥላለች፤ አንዲት ንብ የለባትም። ሄደዋል።

ይህ ነገር አስተማረው ብላችሁ ታስባላችሁ? አላስተማረውም። ይልቁንም ወደ ሁለተኛው ዞረና ባሰበት፤ በየሦስት ቀኑ የነበረው በየሁለት ቀኑ ሆነ። ሦስተኛው ቀፎ ያለበት ዛፍ እጅግ ረጅም ስለሆነና ጉልበት ስለሚጨርስ ብቻ ነው ከዚህ መዓት የተረፈው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለተኛውም መንጋ ሄደ።

ቆጭቶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። ጸለየ፤ ግን በጥር ወር እንደ ጸለየው አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ ሰጥተህ መልሰህ ከምትወስድ መጀመሪያውኑ ባትሰጠኝ ምን ነበረበት?» አለ። ከዚያ ቀና ሲል የጎረቤቱን የጋሽ አዳሎን ቀፎዎች አየ። እዚያው ኮረብታ ላይ ናቸው። ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንድም የጎደለ የለም።

ወገኖቼ፣ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ሲጣላ ቀጥሎ የሚጣላው ከማን ጋር ነው? ከጎረቤቱ ጋር። ቆጭቶም በልቡ «ይህ ሽማግሌ አንድ ነገር አድርጎብኛል» አለ። ጋሽ አዳሎ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለቆጭቶ ቀፎ አሠራር ያስተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ቢሆንም ቆጭቶ አላመነታም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ፊታቸው ሄዶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቀፎዬ ላይ ማን እንደሚወጣ ያውቃሉ?»

«አላውቅም ልጄ።»

«የእርስዎ ሞልቷል። የእኔ ሁለቱ ባዶ ሆኑ። ሰው ካልነካው ንብ ዝም ብሎ አይሄድም።»

ብርነሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ሁሉም ጋሽ አዳሎ ሲቆጡ ለማየት ጠበቀ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን ደፉና «እውነትህን ነው» አሉት። «ሰው ካልነካው አይሄድም። ና፣ ማን እንደነካው አብረን እንየው።»

ሄዱ። ቆጭቶ ወጥቶ ሁለተኛውን ቀፎ በገመድ አወረደ። ጋሽ አዳሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ቀፎውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ፤ ቢላዋ አወጡ። ከዚያ የክዳኑን ምርግ በቀስታ መላጥ ጀመሩ። ቀፎ በተከፈተ ቁጥር እንደገና በእበት ይመረጋል፤ አለዚያ ጉንዳንና ብርድ ይገባል። ስለዚህ የከፈተ ሰው የከፈተበትን ቁጥር እዚያው ላይ ጽፎ ነው የሚሄደው።

«ይህ ከሁሉ በታች ያለው ጥር ላይ የተመረገው ነው» አሉ፤ «ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከእሱ በላይ አንድ። ይኸው ሌላ። ይኸው ሌላ።» እየላጡ ቆጠሩ። «ሰባት ጊዜ ተመርጓል ቆጭቶ።»

ቆጭቶ ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለ።

ከሁሉ በላይ ያለው ምርግ ገና እርጥበት ነበረው። በላዩ ላይ መርጎ የጨረሰ ሰው መዳፍ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው፤ ሌባ ጣት ግን ግማሽ ናት። ቆጭቶ በልጅነቱ ገጀራ ያጎደለበትን ጣቱን አየ። ጋሽ አዳሎም አዩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ» አለ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አስቀሩት።

«ንቧ እኮ አንተን አታውቅህም» አሉት። «አንተ ልጄን ብለህ ነው የወጣኸው። እሷ ግን በየጊዜው ቤቷን የሚያፈርስ ነገር እንደሚመጣ ብቻ ነው ያወቀችው። እንዴት ትቀመጥ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ይቅርታውን በሚመጣው እሁድ ሰው ፊት ትለኛለህ፤ ሰው ፊት ነውና የከሰስከኝ። አሁን ግን ገመድህን ስጠኝ።»

«ገመዴን?»

«እስከ ግንቦት መጨረሻ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

«ጋሼ፣ አንድ ቀፎ ብቻ ነው እኮ የቀረኝ!»

«ለዚህ ነው የምወስድብህ» አሉት፤ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ሄዱ።

ያ ሰው ገመድ አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአርባ ቀን አንድ ነገር ሆነበት፤ አለማወቅ። ንቦቹ ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። ዛፉ ሥር ሄዶ አንጋጥጦ ያያል፤ ከታች ሆኖ ምን ይታየዋል? ቅጠል። ጆሮውን ይጥላል፤ ምን ይሰማል? ወፍ።

እምነት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ቆጭቶ በዚያ አርባ ቀን ጓሮውን ቆፈረ። ከጋሽ አዳሎ በሽታ ያልነካው የእንሰት ችግኝ ለመነና ተከለ። እሁድ መጣ፤ በጉባኤው ፊት ቆሞ «ጋሽ አዳሎን በሐሰት ከስሻለሁ፤ ሌባው እኔ ነኝ» አለ። ሕዝቡ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ፊቱ ተለወጠ ይላሉ የሚያውቁት። አንድ ቀን መሠለች ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ንቦቹ አሉ?»

«አላውቅም ልጄ።»

«ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?»

እንዲህ አላት፦ «ሳውቅም እኮ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ይህን ቃል ያዙልኝ። ሲያውቅም እንቅልፍ አልነበረውም! ማወቅ ያሳርፈኛል ብለን አይደል በየሦስት ቀኑ የምንወጣው? አሳርፎን ያውቃል?

ግንቦት ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ዘነበች መጣች። ለመሠለች አዲስ ጫማና የጉዞ ሻንጣ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነገሩን አወጣችው።

«መኪናው ነገ ጠዋት ነው። ሰዎቹ ሌላ ሠራተኛ ሊይዙ ነው፤ ከዚህ በኋላ አይጠብቁም።»

«ግንቦት አላለቀም እትዬ ዘነበች» አለ ቆጭቶ።

«አራት ቀን ምን ይለውጣል? ማሩ አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? የገዛ ቀፎህ አይደለም? ወጥተህ እየውና ንገረኛ!»

አያችሁ? ፈተናው ራሱ በእግሩ ቤት ድረስ መጣ። ወጥተህ እይ። ሰበቡም አሁን ጥሩ ነው፤ የልጅ ጉዳይ ነው፤ ጋሽ አዳሎም ቢሆኑ ቢለመኑ ገመዱን አይከለክሉም። መሠለች በር ላይ ቆማለች። ሻንጣው መሬት ላይ አለ። ብርነሽ ባሏን ታያለች።

ቆጭቶ «ልጄ አትሄድም» አለ።

«ማሩ ባይኖርስ?»

«ባይኖርም አትሄድም።»

«ቃልህ እንዲህ አልነበረም ቆጭቶ! ማሩ ካልደረሰ ውሰጃት ብለሃል።»

«ብያለሁ። የፈራ ሰው ቃል ነበር። ልጄን ከማር ጋር ማሰር አልነበረብኝም፤ እስከ ዛሬ ያበላን ማሩ አይደለም። ይቅር በይኝ፣ አንቺንም በከንቱ አደከምኩሽ።»

ዘነበች ተቆጣች። አለቀሰች። «በባዶ ቤት ኩራት!» አለች። ጠዋት ብቻዋን ተሳፈረች። ጫማውን ግን አልወሰደችም፤ ለብርነሽ «ለትምህርት ቤት ይሁናት» ብላ ሰጥታት ሄደች። መልካም ሴት ናት ብያችሁ አልነበር?

በአራተኛው ቀን ጋሽ አዳሎ ገመዱን ይዘው መጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆጭቶ ወደ ረጅሙ ዛፍ ወጣ። ክዳኑን ሲከፍት የማሩ ሽታ ፊቱን መታው። ንቦቹ አሉ! ቆረጠ፤ ለእነሱም ድርሻቸውን ተወላቸው። አንድ ገንቦ ሞላ፤ ሁለተኛው ገንቦ ግማሽ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አሜን ለማለት አትቸኩሉ። አንድ ገንቦ ተኩል ማር ደስ ይላል፤ ግን እንሰቱ እስኪያድግ አምስት ሰው አያኖርም። ብርነሽ ይህን ታውቃለች፤ ቆጭቶም ያውቃል። ሆኖም በዚያ ምሽት ተንበርክከው አመሰገኑ፤ ስለ ቀሪው ጊዜ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በማግሥቱ ቆጭቶ መሠለችን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ የረሳቸው ሦስት ባዶ ቀፎዎች አሉ፤ ክረምቱ ሳያበሰብሳቸው ሊያወርዳቸው ነው። እንዲያው እንጨት ሊለቅም እንደሚሄድ ሰው ጢስ እንኳ አልያዘም። ወጣ። የቀፎውን ማሰሪያ ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ አንድ ነገር ጆሮውን ጠቅ አደረገው። ቀጥሎ ቅንድቡን። ቀጥሎ አንገቱን።

«ወይኔ!» ብሎ ጮኸ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?» አለች መሠለች ከታች።

«ነደፉኝ!»

ከዚያ ሳቅ ሰማች። አባቷ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑ እያበጠ፣ እንባው እየወረደ ይስቃል።

«አባዬ፣ ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

«ነደፉኝ እኮ ልጄ! አሉ! እዚህ ናቸው!»

በሚያዝያ ያባረራቸው ንቦች ወዴት ሄደው ኖሯል? ወንዙን ተሻግረው እሱ ራሱ በሰቀለው ቀፎ ገብተዋል። ከሦስቱ በሁለቱ ሞልተዋል። ሁሉም ሞላ ብዬ አልዋሻችሁም፤ በሦስተኛው ውስጥ ሸረሪት ብቻ ነበረች። ጋሽ አዳሎ መጥተው ሰፈፉን አገላብጠው አዩና «ንብ ላይ ስም አይጻፍም፤ የእሱ ናቸው ብዬ አልምልም። ከሚያዝያ ወዲህ የገቡ ለመሆናቸው ግን ሰፈፉ ይናገራል» አሉ። ማሩን ሲቆርጡ ብርነሽ ከጎረቤት ገንቦ ተዋሰች። መሠለች መስከረም ላይ ዐሥረኛ ክፍል ገባች፤ በአክስቷ ጫማ።

እስቲ አሁን ንገሩኝ። እነዚያ ማዶ ያሉት ንቦች ለምን ደኅና ቆዩ?

ስላልነካቸው! ባዶ ናቸው ብሎ ተዋቸው፤ በተዋቸው ቦታ እግዚአብሔር ሠራ።

እናንተስ? ጸሎታችሁን ስንት ጊዜ መረጋችሁት? ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባች እናት እዚህ መሐል አለች፤ በቀን ስድስት ጊዜ ትደውላለች፤ ልጅቷ ስልክ ማንሣት ፈራች። ሥራ ያመለከተ ወንድም አለ፤ ቢሮው ድረስ እየሄደ ዘበኛውን እስኪያሰለች ጠይቋል። የሐኪም መልስ የምትጠብቁ አላችሁ፤ ሰውነታችሁን በየሰዓቱ ትዳስሳላችሁ። ነገሩን ለጌታ ሰጥታችሁ፣ አሜን ብላችሁ፣ ከአሜን በኋላ መልሳችሁ ወስዳችሁታል። አልቆጣችሁም፤ እኔም ባለ ገመድ ነኝ።

ፍርሃታችሁ ከምንም ተነሣ አልልም። ችግሩ እውነት ነው። የቆጭቶ እንሰት እውነት ተቀብሯል፤ ጎደሬው እውነት አልቋል። እግዚአብሔር ለሁሉም በዚያው ወር ማር ይሰጣል ብዬም አልሰብክላችሁም። ሸረሪት ያለበትን ቀፎ ነግሬአችኋለሁ። የማውቀው ይህን ነው፦ ስናየው የሚሠራ፣ ሳናየው ሥራውን የሚያቆም አምላክ የለንም።

ደግሞ ይህን ስሙ። ከእናንተ መሐል «ፓስተር፣ እኔ ዘግይቻለሁ፤ በጥርጣሬዬ አባርሬዋለሁ፤ በችኮላዬ አበላሽቼዋለሁ» የሚል አለ። አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቆጭቶ ስህተት የተሠራው መቼ ነው? መጋቢትና ሚያዝያ። እነዚያ ማዶ ያሉት ቀፎዎች የተሰቀሉት መቼ ነው? ጥር ላይ! ሰውየው ገና ሳይሳሳት፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ እጁን ይዞ ወንዙን ያሻገረው ማን ነው? ያበላሸኸውን ነገር ጌታ ከአንተ በፊት አይቶታል፤ የሚያርፍበትን ቦታም ቀድሞ አዘጋጅቶታል። ይህን ሳስብ እኔ ራሴ ትከሻዬ ይቀለኛል። የእናንተ አልቀለላችሁም?

ቆጭቶ ግን ያረፈው ማሩን ሲያይ እንዳይመስላችሁ። ያረፈው ከዚያ በፊት ነው። ሻንጣው መሬት ላይ ሆኖ፣ ቀፎው ሳይከፈት፣ «ባይኖርም አትሄድም» ያለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ፈርታችሁ የተናገራችሁት ቃል ካለ አንሡት። ያስቀየማችሁት ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩ። ከዚያ እራታችሁን ብሉ፣ መብራታችሁን አጥፉና ተኙ። ጌታ ነቅቷል።